ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስ፦ ቤትን ለርዕደ መሬትና ለጎርፍ ማዘጋጀት

በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ወረዳዎች ርዕደ መሬት በተደጋገመባቸው ወራት፣ የአዲስ አበባ ሰው እርስ በርሱ አብዝቶ ይጠያየቅ የነበረው «ትልቁ መቼ ይመጣል?» እያለ ነበር። ይህ ጥያቄ ግን መልስ የለውም። የርዕደ መሬትን ቀንና ሰዓት አስቀድሞ ለይቶ የሚናገር መሣሪያም ሆነ ባለሙያ እስከ ዛሬ የለም፤ ስለዚህ «ዛሬ ሌሊት በዚህ ሰዓት ውጭ እደሩ» እያለ በቴሌግራም የሚዞር መልእክት የማንም ስም ቢለጠፍበት ለሌላ ሰው ሊተላለፍ አይገባም። መልስ ያለው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ምድር ብትንቀጠቀጥ በዚህ ቤት ውስጥ የሚወድቀው ምንድን ነው፣ ክረምቱ ቢከብድስ ውሃው የሚገባው በየት በኩል ነው የሚለው። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በፒያሳ፣ በአራት ኪሎ፣ በቀበና፣ በካዛንቺስ፣ በሜክሲኮና በዙሪያቸው ለሚኖሩና ለሚሠሩ ሰዎች ነው። የሚነሣውም ከአደጋው ይልቅ ከቤቱ ነው፤ አንዱ ንዝረት በጭቃ ቤት፣ በኮንዶሚኒየምና በባለ መስታወት ሕንፃ የሚያደርሰው ጉዳት ለየቅል ነውና።

ከእግራችን በታች ያለው

አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ነው። የሸለቆው ግራና ቀኝ ያረፈባቸው ሁለት ግዙፍ የምድር ቅርፊት ክፍሎች፣ የኑቢያና የሶማሊያ የሚባሉት፣ በዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር ያህል እርስ በርሳቸው ይራራቃሉ። በዚህ መራራቅ የሚጠራቀመው ውጥረት በአንድ ስንጥቅ ላይ ድንገት ሲለቀቅ፣ ወይም እንደ ፈንታሌው ቅልጥ አለት ከታች እየገፋ በስንጥቆች ውስጥ ሲገባ፣ ምድር ትንቀጠቀጣለች። ይህ ሂደት ከከተማችን ሩቅ የሆነ ለሚመስለው ሰው ፍልውሃ በቂ ምስክር ነው፤ ሙቁ ውሃ ከጥልቅ ወደ ላይ የሚወጣው በመሬት ስንጥቅ በኩል ነው።

ታሪኩም ቢሆን አዲስ አይደለም። ነሐሴ 19 ቀን 1898 ዓ.ም.፣ ከተማዋ ከተቆረቆረች ገና 20 ዓመት ሳይሞላት፣ ከመሀል ስምጥ ሸለቆ የተነሣና መጠኑ 6.5 ወይም ከዚያ በላይ እንደነበረ የሚገመት ርዕደ መሬት አዲስ አበባን ክፉኛ አናውጧታል። በ1953 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው የማጀቴን ከተማ አፍርሷል፤ በ1961 ዓ.ም. ደግሞ በአፋር የምትገኘው ሰርዶ ወድማለች። አራት ኪሎ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ መመዝገቢያ ጣቢያ ሥራውን የጀመረው በ1950 ዓ.ም. ግድም ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲህ ያለው በመሣሪያ የተመዘገበ ነው። በፈንታሌው ተከታታይ ንዝረት ትልቁ የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት የደረሰው ሲሆን መጠኑም 6.0 ነበር። በርዕደ መሬት መጠን መለኪያ አንድ ቁጥር ከፍ ማለት የሚለቀቀው ኃይል 32 ጊዜ ያህል ይበዛል ማለት ነው፤ ስለዚህ የ6.5 ርዕደ መሬት ከ6.0ው ከአምስት እጥፍ በላይ ኃይል አለው። «ባለፈው ተፈትነን አልፈናል» የሚለው መጽናኛ፣ በእኔ አመለካከት፣ ቁጥሩን ያላየ መጽናኛ ነው።

በእነዚያ ወራት ብዙዎችን ያስገረመው ነገር ምድር ቤት የተኛው ሰው ምንም ሳይሰማው ስምንተኛ ፎቅ ላይ ያለው ተወዛውዞ መንቃቱ ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው። ፈጣኖቹ ንዝረቶች በመንገድ ላይ ሲዳከሙ፣ በዝግታ የሚመላለሱት ማዕበሎች ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው ይደርሳሉ፤ ረጃጅም ሕንፃዎችም በተፈጥሯቸው በዝግታ ስለሚወዛወዙ ከእነዚሁ ማዕበሎች ጋር ይገጥማሉ። ስለዚህ የሕንፃ መወዛወዝ ብቻውን የመፍረስ ምልክት አይደለም። የቅርብ ርዕደ መሬት ደግሞ በተቃራኒው አጫጭሮቹንና ግትሮቹን ቤቶች ይበልጥ ይመታል።

ቤቱን መመርመር

በኮንዶሚኒየምም ሆነ በግል ሕንፃ የሚኖር ሰው መጀመሪያ ወደ ምድር ቤቱ ወርዶ ይመልከት። በከተማችን የተለመደው አሠራር ላይኛው ፎቅ በብሎኬት ግድግዳ ተከፋፍሎ፣ ምድር ቤቱ ግን ለሱቅ እንዲመች በኮለኖች ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ መተው ነው። በርዕደ መሬት ጊዜ እንዲህ ያለው ሕንፃ የሚሰበረው ብዙውን ጊዜ እዚያው ታች፣ ግድግዳ በሌለው ፎቅ ላይ ነው። ነዋሪው ይህን በራሱ ሊያስተካክል አይችልም፤ ነገር ግን የነዋሪዎች ማኅበሩ አንድ የስትራክቸር መሐንዲስ ቀጥሮ እንዲያስመረምር መጠየቅ ይችላል፤ ወጪውም ለሁሉም ቤት ሲካፈል የሚከብድ አይሆንም። ሕንፃው በ2015 እ.ኤ.አ. በወጣው የሕንፃ ኮድ ወይስ በ1995ቱ መሠረት እንደተሠራ ባለቤቱን መጠየቅም ተገቢ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ቤት ለማስፋት ሲባል ኮለንና ቢም መንካት፣ የቧንቧ መስመር ለማሳለፍ ብሎ ፌሮ መቁረጥ፣ በማናቸውም ምክንያት መፈቀድ የለበትም። ጎረቤት ሲያደርገው ዝም ማለትም ያው ነው፤ ኮለኑ የጋራ ነውና።

ቀጥሎ ጣራውን ይመልከቱ። ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ የውሃው ክብደት ብቻ ሁለት ቶን ነው። በተበየደ ቀጭን የብረት ማማ ላይ ቆሞ፣ ብረቱ ዝጎ፣ ከሥሩ የልጆች መጫወቻ ወይም የመኝታ ክፍል ካለ፣ ከቤቱ አደገኛ ዕቃዎች ሁሉ ቀዳሚው እሱ ነው። ማማው በሶለታው ላይ በብሎን መታሰሩን፣ መጋጠሚያዎቹም አለመዛጋቸውን በየዓመቱ በብየዳ ባለሙያ ያሳዩ፤ ቢቻል ሮቶውን ወደ መሬት አውርዶ በፓምፕ መጠቀም ይሻላል።

ወደ ሳሎን ሲመለሱ የሚያገኙት ቡፌውን ነው። በእኛ ቤት ቡፌ የክብር ዕቃ ነው፤ ብርጭቆው፣ ሳህኑ፣ አንዳንዴም ቴሌቪዥኑ ተደርድሮበት ከግድግዳው ሳይታሰር ይቆማል። ቡፌና ቁም ሣጥን ከላይ በኩል በግራና በቀኝ በማዕዘን ብረት ከግድግዳው ጋር ይታሰሩ። ግድግዳው ብሎኬት ከሆነ ፊሸርና ረጅም ብሎን ያስፈልጋል፤ ጅፕሰም ወይም ቺፑድ ከሆነ ግን ብሎኑ ከኋላ ያለውን እንጨት ወይም ብረት ካላገኘ ዋጋ የለውም። ከባድ ዕቃ ከላይኛው መደርደሪያ ወደ ታችኛው ይውረድ። አልጋ ከመስኮት ሥርና ከቁም ሣጥን አጠገብ ይነሣ፤ ከአልጋ ራስ በላይ የተሰቀለ ትልቅ ፎቶግራፍ ወይም መስታወትም እንዲሁ። የጋዝ ሲሊንደሩ እንዳይወድቅ በሰንሰለት ወይም በጠንካራ ማሰሪያ ከግድግዳ ጋር ይያዝ፤ ጎማው ሲሰነጣጠቅም ሳይውል ሳያድር ይለወጥ። ይህ ሁሉ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ከፍርሃትና ከወሬ ይልቅ ሕይወት የሚያድነውም ይኸው ነው።

በቀበና፣ በግንፍሌና በአሮጌው ፒያሳ ሠፈሮች ባሉ የጭቃ ቤቶች ጉዳዩ ይለያል። የቆርቆሮ ጣራ ቀላል ስለሆነ ወድቆ የመግደል ዕድሉ ከሶለታ ያነሰ ነው፤ አደጋው ያለው ሥሩ በሰበሰው ማገርና ምሰሶ፣ ቆርቆሮው እንዳይነሣ ተብሎ ከላይ በሚቀመጠው ድንጋይ፣ እንዲሁም ያለ ፌሮ በተካበው የድንጋይ ወይም የብሎኬት አጥር ላይ ነው። ድንጋዩ ወርዶ ቆርቆሮው በምስማርና በሽቦ ይታሰር፤ ያዘመመ አጥር ካለም ሰው ከሚተላለፍበት ወገን ተደግፎ እንዲታደስ ይደረግ።

ሲንቀጠቀጥ

ንዝረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ፎቅ ላይ ያለ ሰው በዚያ ጊዜ ደረጃ መሮጥ የለበትም፤ ተረጋግጦ፣ ወድቆና በሚረግፍ ነገር ተመትቶ የሚጎዳው ብዙ ነው። በጉልበትዎ ተንበርክከው ከጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ይግቡ፤ ራስንና ማጅራትን በአንድ ክንድ ሸፍነው በሌላው የጠረጴዛውን እግር ይያዙ። ጠረጴዛ ከሌለ ከመስኮት ርቀው በውስጠኛው ግድግዳ ጥግ ይቀመጡ። አልጋ ላይ ከሆኑ እዚያው በሆድዎ ተኝተው ራስዎን በትራስ ይሸፍኑ። የበር መቃን ይከላከላል የሚለው አሮጌ ምክር ለዛሬው ቤት አይሠራም። ሊፍት ፈጽሞ አይገባበትም። በአንጻሩ በጭቃ ቤት ወይም በምድር ቤት በሩ አጠገብ ያለ ሰው፣ ውጭው ክፍት ሜዳ መሆኑን ካወቀ፣ ፈጥኖ መውጣቱ ይሻለዋል። ውጭው ጠባብ መንገድ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦና የጎረቤት አጥር ከሆነ ግን መውጣቱ ከመቅረቱ የከፋ ሊሆን ስለሚችል፣ ይህን መወሰን የሚገባው ዛሬ፣ በሰላሙ ጊዜ ነው።

መንገድ ላይ ያለ ሰው ከባለ መስታወት ሕንፃዎችና በባሕር ዛፍ እንጨት መወጣጫ ከተከበቡ ግንባታዎች ይራቅ፤ በካዛንቺስና በሜክሲኮ ይህ ማለት ብዙውን ጊዜ ከእግረኛ መንገዱ ወደ አደባባይ ወይም ወደ መናፈሻ መሄድ ነው። አሽከርካሪ ከድልድይና ከሽቦ ርቆ ዳር ይዞ ይቁም፤ ንዝረቱ እስኪያበቃም ከመኪናው አይውረድ።

ጎርፍና ናዳ

ስለ ርዕደ መሬት የሚወራውን ያህል ስለ ጎርፍ አይወራም፤ ነገር ግን በየክረምቱ በራችንን የሚያንኳኳው ጎርፉ ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሰው ሕይወት ቀጥፏል። ምክንያቱን ለመረዳት እንጦጦን ቀና ብሎ ማየት ይበቃል። የተራራው ጫፍ ከ3,000 ሜትር በላይ ሲሆን መስቀል አደባባይ ከዚያ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል፤ ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ቀጨኔና ሌሎቹ ወንዞች ይህን ቁልቁለት በአጭር መንገድ ይወርዳሉ። በዚህም ላይ አፈሩ በአስፋልትና በኮንክሪት በመሸፈኑ ውሃው ወደ መሬት ከመስረግ ይልቅ በአንድ ጊዜ ወደ ወንዙ ይገባል። ካዛንቺስ ላይ ፀሐይ ወጥቶ እያለ እንጦጦ ላይ የወረደ ዝናብ የባንትይቀጡን ወንዝ ሊሞላው የሚችለው ለዚህ ነው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ድሬዳዋ ላይ ከ200 በላይ ሰው የሞተው፣ የደቻቱ ወንዝ ከላይ ከደጋው በወረደ ዝናብ ሞልቶ ሰው በተኛበት ሌሊት ስለደረሰ ነበር። ስለዚህ በወንዝ ዳር የሚኖር ሰው የራሱን ሰማይ ብቻ ሳይሆን የእንጦጦንም ደመና ያንብብ፤ የወንዙ ድምፅ ከተለወጠ፣ ውሃው ከደፈረሰና ግንድና ቆሻሻ መጫን ከጀመረ፣ ማስጠንቀቂያ ሳይጠብቅ ልጆቹን ይዞ ወደ ላይ ይውጣ።

ዝግጅቱ የሚጀምረው በግንቦት፣ ክረምቱ ሳይገባ ነው። አሸንዳው ከቅጠል ይጽዳ፤ የግቢው መውረጃ ቱቦ በፌስታልና በፕላስቲክ ጠርሙስ አለመደፈኑ ይታይ። የጎረቤቱ ቦይ ከተዘጋ የእርስዎ ንጹሕ መሆኑ ምንም አይጠቅምም፤ ቦይ የሚጸዳው እንደ ኮለኑ በጋራ ነው፤ ከአቅም በላይ የሆነውን ደግሞ ወረዳው በጽሑፍ ቢጠየቅ ይሻላል። ከመሬት ዝቅ ያለ ቤት በየበሩ የሚደረደር በአሸዋ የተሞላ ማዳበሪያ ይዘጋጅለት። ማከፋፈያና ሶኬት ወደ ወለሉ የቀረቡ ከሆነ በኤሌክትሪክ ባለሙያ ከፍ ይደረጉ፤ ውሃ መግባት ሲጀምርም፣ እጅና እግርዎ ደረቅ ሆኖ መድረስ ከቻሉ ብቻ፣ ቆጣሪው ጋ ያለውን ማጥፊያ ያውርዱ።

በጎርፍ ውስጥ ስለመሄድ አንድ ነገር ሊሰመርበት ይገባል። ወደ 15 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ የሚሮጥ ውሃ አዋቂ ሰውን ይጥላል፤ 30 ሴንቲ ሜትር ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል፤ 60 ሴንቲ ሜትር አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። በተጨማሪ በከተማችን የተከፈተ ማንሆል ውሃው ሲሸፍነው አይታይም። ከቢሮ ወደ ቤት ለመድረስ መቸኮሉ የሚገባ ቢሆንም፣ ከፍ ባለ ቦታ ግማሽ ሰዓት መቆየት ብዙውን ጊዜ ይበቃል፤ የተራራ ጎርፍ በፍጥነት እንደሚመጣ በፍጥነት ይጎድላልና።

ቤቱ በተቆረጠ ገደል አፋፍ ወይም ሥር ላለ ሰው ናዳም ያሰጋዋል። አዲስ ስንጥቅ፣ ያዘነበለ ዛፍ ወይም የኤሌክትሪክ ምሰሶ፣ ከዚህ ቀደም ባልነበረበት የሚመነጭ ውሃ ምልክቶቹ ናቸው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ከ200 በላይ ሰው ያለቀበት አደጋ አንድ መራራ እውነት ያሳየን ነው፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት በሩጫ የደረሱና ሁለተኛው ናዳ ያገኛቸው ሰዎች ነበሩ። ወገንን ለመርዳት መሮጥ የኛ ባሕል ነው፤ ቢሆንም ተዳፋቱን የሚጠብቅና የሚጮህ አንድ ሰው ከላይ ሳይቆም፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ጭቃው መግባት የለበትም።

ስለ መብረቅ ባጭሩ፦ ነጎድጓድ ከተሰማ ከዛፍ ሥርና ከሜዳ ወደ ቤት ይገባል፤ ከቆርቆሮ አጥርም ይራቃል።

የሚቀመጠውና የሚመከረው

ውሃ በፈረቃ የሚያገኝ ከተማ ጄሪካን መሙላትን ሊማር አያስፈልገውም፤ የሚጎድለው ለክፉ ቀን ተለይቶ የማይነካ ውሃ ነው። ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ተብሎ ቢታሰብ፣ አምስት ሰው ላለበት ቤት ለሦስት ቀን ሦስት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ይበቃል። ከቆሻሻ ተጠብቆ ይቀመጥ፣ በየጥቂት ወሩም ይለወጥ። ለምግብ ውድ የታሸገ ዕቃ መግዛት አይጠበቅብዎትም፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ስኳር እሳት ሳይፈልጉ ይበላሉ። በአንድ ቦርሳ ውስጥ የእጅ ባትሪ፣ የተሞላ ፓወር ባንክ፣ ኤፍ ኤም የሚይዝ ትንሽ ሬዲዮ፣ ፊሽካ፣ በቋሚነት የሚወሰድ መድኃኒት፣ ጥቂት ጥሬ ገንዘብ፣ እንዲሁም የመታወቂያ፣ የቤት ካርታና የውል ቅጂዎች በላስቲክ ተጠቅልለው ይቀመጡ። ኔትወርክ ሲጠፋ የሞባይል ባንክም አብሮ ስለሚጠፋ ጥሬ ገንዘቡ አይናቅ። ስልክ ቁጥሮች በወረቀት ይጻፉ፤ 939 የእሳትና የአደጋ፣ 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ 991 የፖሊስ ነው። ቤተሰቡ ቢለያይ የሚገናኝበት ቦታም በስም ይወሰን።

ይህ ሁሉ ለአንድ ቤት ነው። አንድ ሰፊ አደጋ ከደረሰ አምቡላንስና የእሳት አደጋ መኪና ሁሉም ጋ በአንድ ጊዜ ሊደርስ ስለማይችል፣ የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት የሚሠራው ጎረቤት ነው፤ ለዚህ ደግሞ እድርን የሚያህል ድርጅት የለንም። ድንኳን፣ ወንበር፣ ትልልቅ ድስትና ምንጣፍ አለው፤ የአባላቱን ስም ዝርዝር ይይዛል፤ ሰው ሲጠራም ይመጣል። የሚያስፈልገው በአንድ ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ተጨማሪ አጀንዳ መያዝ ነው፤ በየቤቱ ብቻቸውን የሚኖሩት አረጋውያን፣ ከአልጋ የማይነሡትና ነፍሰ ጡሮች እነማን እንደሆኑ፣ ከአባላቱ መካከል ነርስ፣ ኤሌክትሪሺያንና ግንበኛ ማን እንደሆነ ተመዝግቦ፣ ለእያንዳንዱ ደካማ ቤት ሁለት ወጣቶች ይመደቡለት። አካፋ፣ ዶማ፣ ገመድና መጋዝ ከድንኳኑ ጋር ቢቀመጡ ወጪው ትንሽ ነው። በመልሶ ማልማት ከመሀል ከተማ ተነሥተው ወደ አዲስ ሠፈር የሄዱ ሰዎች ይህን ትስስር ከባዶ መጀመር ስላለባቸው፣ በአዲሱ ሕንፃቸው ቀድመው እድር ቢያቋቁሙ ለኀዘን ብቻ ሳይሆን ለዚህም ይጠቅማቸዋል።

ካለፈ በኋላ

ከርዕደ መሬት በኋላ ተከታይ ንዝረት እንደሚኖር ቆጥረው ይንቀሳቀሱ። ጫማ ያድርጉ፤ ወለሉ በብርጭቆ ሊሞላ ይችላል። ጋዝ ከሸተተ ክብሪት አይጫርም፣ መብራት አይበራም አይጠፋምም፤ ሲሊንደሩ ተዘግቶ መስኮት ይከፈትና ሁሉም በደረጃ ይውጣ። መብራት ቢጠፋ ከሰል ቤት ውስጥ አስገብቶ መተኛት፣ በተለይ በክረምት ብርድ፣ ሽታ በሌለው ጭስ ቤተሰብ ይጨርሳል። በልስን ላይ የሚታየው እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ አያሳስብም፤ በኮለን ወይም በቢም ላይ ያለ አግድም ወይም ሰያፍ ስንጥቅ፣ የተጋለጠ ፌሮ፣ ወይም ድንገት አልዘጋ ያለ በር ግን ከሕንፃው ወጥቶ ወረዳውን ማሳወቅ የሚያስገድድ ነው።

ጎርፍ ከጎደለ በኋላ የነካው ምግብ በሙሉ ይጣላል፤ የኤሌክትሪክ መስመሩም በባለሙያ ሳይታይ አይበራም። የሚጠጣው ውሃ በጨርቅ ከተጠለለ በኋላ «ውሃ አጋር» በሚባለው የውሃ ማከሚያ፣ በጠርሙሱ ላይ እንደተጻፈው፣ ይታከማል ወይም ይፈላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላል፤ ስለዚህ ከተንተከተከ በኋላ ሦስት ደቂቃ እሳት ላይ ይቆይ። ሥሩ የራሰ የጭቃ ግድግዳ ውሃው ከጎደለ ከቀናት በኋላም ሊደረመስ ስለሚችል፣ በሁለቱም ወገን ደርቆ ምሰሶዎቹ በግንበኛ እስኪታዩ ድረስ ማንም ከአጠገቡ አይተኛ።